የቅይጥ ብረታ ብረት ብርታት፦ ከቀመሩ ወይስ ከውስጥ መዋቅሩ?



የሰው ልጅ መዳብንና ቆርቆሮን አቅልጦ ነሐስ ከሠራበት ዘመን አንሥቶ የቅይጥ አሠራር ልማድ ባመዛኙ አንድ ነበር፤ ይኸውም አንዱን ዋና አድርጎ ሌላውን በጥቂቱ መጨመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ግን በእንግሊዝ አገር ብራያን ካንተር፣ በታይዋንም ጂየን-ዌይ ዬ ከየባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሟቸው ጥናቶች ሌላ መንገድ አሳዩ። የካንተር ቡድን ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ፣ ብረት፣ ኮባልትና ኒኬል በአቶም ቁጥር እያንዳንዳቸው 20 በመቶ ሆነው ሲዋሐዱ አንድ ወጥ ክሪስታል እንደሚያስገኙ ገለጸ። እንዲህ ያለው ቅይጥ «ባለ ከፍተኛ ኤንትሮፒ» የተባለው ልዩ ልዩ አቶሞች ያለ ቋሚ ተራ ስለሚሰባጠሩበት ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ዳሩ ግን ድሩ አንበሳ የሚያስረው ስለበዛ ብቻ ሳይሆን በአግባቡ ስለተገመደም ነው። የቅይጡም ብርታት እንዲሁ ከንጥረ ነገሮቹ ብዛት ይልቅ በውስጥ አደረጃጀታቸው ላይ የተመሠረተ ነው።

ብረታ ብረት በማይክሮስኮፕ ሲታይ እርስ በርስ የተያያዙ የክሪስታል ቅንጣቶች ስብስብ ነው። ሳይሰበር ቅርጹን የሚለውጠው በየቅንጣቱ ውስጥ ያሉ የአደራደር ጉድለቶች ሲንሸራተቱ ነው። የቅንጣቶቹ ወሰን ይህን መንሸራተት ያግዳል። ስለዚህ ቅንጣቶቹ ባነሱ መጠን ወሰኑ ይበዛል፤ ብረቱም ይጠነክራል።

ብዙ የተለመዱ የብረት ዓይነቶች በብርቱ ቅዝቃዜ ተሰባሪ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው ግን ይህ ባለ አምስት ንጥረ ነገር ቅይጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ የጉተታ ጥንካሬው ከ1000 ሜጋፓስካል በላይ ይሆናል፤ የመለጠጥ ችሎታውም ይጨምራል። ምክንያቱም በቅንጣቶቹ ውስጥ አንዱ የሌላው የመስተዋት ምስል የሆኑ እጅግ ቀጫጭን ንብርብሮች ይፈጠራሉ። እነዚህም መንሸራተቱን እየገደቡ ለውጡን በሰፊው ያዳርሱታል፤ ጫናው በአንድ ቦታ ተከማችቶ ስንጥቅ እንዳይከፍት ያዘገዩታል።

ይህ መልካም ጠባይ ግን ዘላለማዊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት ይኸው ቅይጥ ለ500 ቀናት በሙቀት ሲቆይ የሚደርስበትን መርምሯል። በ900 ዲግሪ ወጥነቱን ጠብቆ ሲቆይ፣ በ700 ዲግሪ ክሮሚየም የበዛበት፣ ሲግማ የተባለ ክፍል ተለይቶ ወጣ። በ500 ዲግሪ ደግሞ ሦስት ልዩ ልዩ ክፍሎች ተፈጠሩ። ሲግማ ጠንካራ ሆኖ ሳለ በቀላሉ የሚሰበር ነውና በቅንጣቶቹ ወሰን ላይ ሲከማች ለስንጥቅ የተዘጋጀ ጎዳና ይሆናል። ቀመሩ ሳይለወጥ ጠባዩ ተለወጠ ማለት ነው።

እንግዲህ ለግፊት ጋን ወይም ለፈሳሽ ጋዝ ማጠራቀሚያ ቅይጥ የሚመርጥ መሐንዲስ የንጥረ ነገሮቹን ድርሻ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ብቻ አይቶ ሊረካ አይገባውም። ቅይጡ እንዴት እንደተዳመጠ፣ በምን ያህል ሙቀት እንደታከመ፣ በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘና በምን ሙቀት ለስንት ዓመት እንደሚያገለግል መጠየቅ ይኖርበታል። በዓይን የማይታየው ለውጥ በጋኑ አጠገብ በሚሠሩት ሰዎች ሕይወት ላይ የሚፈርድ ነውና።