መመዝገቡ ቀላል፣ መውጣቱስ?

እሷ፦ ወልቂጤ ውስጥ የአንድ ማኅበር ጸሐፊ ለአባላቱ ኢሜይል ይልካል እንበል። አንዱ አዲስ አበባ ገብቶ አድራሻ ቀይሯል፤ ሌላዋ «ይቅርብኝ» ብላለች። ይህን ሁሉ ኤክሴል ላይ በእጁ እየሰረዘና እየጻፈ እስከ መቼ ይዘልቀዋል?

እሱ፦ አይዘልቀውም። ኤሪክ ቶማ የተባለ ተማሪ ፓሪስ ሆኖ በ1986 እ.ኤ.አ. ሊስትሰርቭ የተባለውን የኢሜይል ዝርዝር ፕሮግራም የጻፈው ለዚሁ ነው። ተመዝጋቢው ትእዛዝ ይልካል፤ ፕሮግራሙ ራሱ ያስገባል፣ ያስወጣል።

እሷ፦ እኔ ቡታጅራን ላንሳ። በ1979 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ጥናት በ10 ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣውንና የሄደውን ይመዘግብ ነበር። ያልታደሰ ዝርዝር ዋጋ እንደሌለው ለአጥኚዎቹ ያኔ ገብቷቸዋል።

እሱ፦ ልክ ነሽ። ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው፤ መልእክት ደጋግሞ ከተመለሰበት አድራሻውን ያግደዋል። አዲስ ስም ሲመጣም ማረጋገጫ ይልካል፤ ባለቤቱ ሊንኩን እስኪነካ ድረስ አያስገባውም። ያለዚያማ ማንም ተነስቶ የሰው አድራሻ ይሞላል።

እሷ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ መውጫው ነው። ሳንጠይቅ ስልካችን ላይ የሚጎርፈው አጭር መልእክት! ቡታጅራ ገበያ ላይ ለምትነግድ እናት እንዴት እንደሚቆም ማን አሳያት?

እሱ፦ በኢሜይል በኩል ጂሜይልና ያሁ በ2024 እ.ኤ.አ. በብዛት የሚልኩ ድርጅቶችን በአንድ ንክኪ መውጫ እንዲያስቀምጡ አስገድደዋል። በእኛም አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰጡትን ፈቃድ ማንሳትን መብት አድርጎታል።

እሷ፦ እንግዲያው መውጫው በአማርኛም በጉራጊኛም ይጻፍ፤ በጉልህ ፊደል፣ ከመልእክቱ አናት ላይ።