በወረርሽኝ ጊዜ በአውሮፕላን መጓዝ፦ ያየሁትና የተሳሳትኩት

(በተመራቂዎች ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው "ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ ስለ ጤና የሆነ ነገር ንገሪን" ሲለኝ አመነታሁ። ለሐኪም ስለ ጤና መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከዚያ ግን የተመዘገባችሁትን ዝርዝር አየሁ። ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይ የበረራችሁ አላችሁ፤ ከጎንደርና ከጅማም እንዲሁ። ስለዚህ በኮሮና ጊዜ ስለነበረው የአውሮፕላን ጉዞ ልናገር ወሰንኩ። ዛሬ ማስኩን ጥለነዋል። ነገር ግን ሌላ ወረርሽኝ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜም ዘመዶቻችንና ታካሚዎቻችን የሚደውሉት ለእኛ ነው። በ2012 ሲደውሉልን ምን ብለን መለስንላቸው? የሌላውን አላውቅም፤ እኔ የመለስኩትን ልንገራችሁ።

ወሩ ነሐሴ ነበር። አባቴ ታመው ተኝተዋል። ሕመማቸው ኮሮና አልነበረም፤ የቆየ ካንሰር ነው፤ ብዙ ቀን እንደሌላቸውም አውቀናል። እህታቸው፣ አክስቴ፣ ሜሪላንድ ይኖራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። ደወሉልኝና "ልጄ፣ ወንድሜን ዓይኑን ልየው። አንቺ ሐኪም ነሽ፣ እንዴት አድርጌ ልምጣ?" አሉኝ። እኔም ቶሎ ብዬ "እትዬ፣ እንዳይሞክሩት! ከሦስት መቶ ሰው ጋር አውሮፕላን ውስጥ ተዘግቶብዎት?" አልኳቸው። ሐኪም ተናግሯልና አልመጡም። አባቴ በአሥራ ስምንተኛው ቀን አረፉ። አክስቴ ቀብሩን በስልክ አዩት፤ መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ።

ልብ በሉ፣ "ልምጣ ወይስ ልቅር?" አላሉኝም። "እንዴት አድርጌ ልምጣ?" ነው ያሉኝ። እኔ የመለስኩት የተጠየቅኩትን ሳይሆን የፈራሁትን ነው።

ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ ሲገለጽ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነው ተባልን። ወዲያው ከውጭ የሚገባ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ። አቅም ያለው ሆቴል ገባ፤ ከሳዑዲ ዓረቢያና ከሌላም የተመለሱት ወገኖቻችን የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍሎች ውስጥ አደሩ። በዓይናችን ያየነው በሽታው በቦሌ በኩል ሲገባ ነው። በዚያው በቦሌ በኩል ግን ማስኩ፣ መመርመሪያው፣ የመከላከያ ልብሱ ገብቷል። ከቻይና የተላከው እርዳታ አዲስ አበባ አርፎ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተከፋፈለው፣ የመንገደኛ አውሮፕላኖችም ወንበራቸው ተነቅሎ ጭነት የጫኑት በዚያን ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ በጭንቅላቴ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀውብኝ ነበር። አንደኛው፣ አውሮፕላን በሽታን ካገር አገር ያደርሳል የሚለው ነው፤ ይህ እውነት ነው። ሁለተኛው፣ አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠ ሰው በሽታው ይይዘዋል የሚለው ነው። ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ሌላ ነው። የመጀመሪያው የጤና ሚኒስቴርና የድንበር ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ግን ስልክ ደውላ ለምትጠይቅ አሮጊት የሚመለስ ነው። እኔ ለሁለተኛው የመጀመሪያውን መለስኩ።

ከአባቴ ሞት በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ውስጥ አየሩ በሰዓት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ይለወጣል። ግማሹ ያህል ከውጭ የሚገባ ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሄፓ በሚባለው ማጣሪያ አልፎ የሚመለስ ነው። ማጣሪያው 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ብናኝ እንኳ 99.97 በመቶ ያስቀራል። አየሩ ከጣሪያው ይወርድና በወለሉ በኩል ይወጣል፤ ከፊት ወደ ኋላ በሰው ሁሉ ላይ አይነፍስም። ብዙዎቻችን የተማርንባቸውን የተኝቶ ሕክምና ክፍሎች አስታውሱና አወዳድሩት።

ታዲያ አደጋ የለም ማለት ነው? አለ። የጎረቤት ትንፋሽ ማጣሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት እኛ ጋ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከሆንግ ኮንግ ወደ ቤጂንግ በተደረገ የሦስት ሰዓት በረራ፣ ከአንድ የሳርስ ታማሚ 22 ሰው ሳይያዝ አልቀረም፤ ብዙ ረድፍ ርቀው የተቀመጡም ነበሩበት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ከለንደን ሃኖይ በበረረ አውሮፕላን፣ በቢዝነስ ክፍል የተቀመጠች አንዲት የምታስል መንገደኛ ነበረች። 15 ሰው ተያዘ፤ 12ቱ እዚያው አብረዋት በቢዝነስ ክፍል የነበሩ ናቸው። ያን ጊዜ ማስክ ግዴታ አልነበረም። በዚያው ዓመት መስከረም ከዱባይ ኦክላንድ በተደረገው በረራ ደግሞ ከ86 መንገደኞች 7ቱ ተይዘው ተገኙ፤ በቫይረሱ የዘር ምርመራ ቢያንስ 4ቱ በጉዞው ላይ እንደተያዙ ተገመተ። ከመነሳታቸው በፊት ነጌቲቭ ውጤት በእጃቸው የያዙም ነበሩባቸው። ይኼ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የምርመራ ወረቀት የትናንትን እንጂ የዛሬን አይነግርም።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ ግን የቆየ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 አላስካ ውስጥ 54 ሰው የጫነ አውሮፕላን ሞተሩ ተበላሽቶ መሬት ላይ ለሦስት ሰዓት ቆመ። የአየር ማዘዋወሪያው አይሠራም ነበር። አንድ በኢንፍሉዌንዛ የታመመ ሰው ተሳፍሯል። በ72 ሰዓት ውስጥ ከመንገደኞቹ 72 በመቶው ታመሙ። አያችሁ፣ ያ አውሮፕላን ሰማይ ላይ አልነበረም። አየሩ ቆሞ ነው ሰው የታመመው።

ሌላም የምንረሳው ነገር አለ። አውሮፕላን ሲበር የውስጡ የአየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው የሚሆነው። ይህ የአዲስ አበባ ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። በድሪምላይነር ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ከቦሌ ተነስቶ ሰማይ የወጣ ሰው አየሩ ከቤቱ ይልቅ ይቀለዋል። ስለዚህ ሳንባው የተጎዳ ታካሚ "መብረር እችላለሁ?" ሲለን፣ የት እንደሚኖር እንጠይቅ። አዲስ አበባ ላይ ያለ ኦክስጅን ደረጃ የሚወጣ ሰው በአብዛኛው ካቢኑ አይከብደውም። ከባሕር ጠለል አካባቢ የሚነሳው ግን፣ በተለይ ከሳንባ ምች ገና ያገገመ ከሆነ፣ አስቀድሞ መመርመር አለበት። እሱ እኛ ዘንድ ሲመጣ ከአውሮፕላን ቢወርድም ከከፍታው አይወርድም።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። የካቲት 2013 ለአባቴ የስድስት ወር ተዝካር "በዚህስ አልቀርም" አሉ። የክትባቱን የመጀመሪያ ዙር ብቻ ወስደዋል። በዚህ ጊዜ የተጠየቅኩትን መለስኩ። ጥብቅ ማስክ ሁለት ይያዙ፤ ከራስዎ በላይ ያለችውን የአየር መክፈቻ ወደ ፊትዎ ያዙሯትና አይዝጓት፤ ጎረቤትዎ ሲበላ እርስዎ ይቆዩ፣ እሱ ሲጨርስ ይብሉ፤ ሰልፉ ላይ አይቸኩሉ፣ አውሮፕላኑ ጥሎዎት አይሄድም፤ መድኃኒትዎ በእጅ ቦርሳዎ ይሁን፤ ውኃ ይጠጡ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ። ሁሉንም በወረቀት ጻፉት። አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል በረው በሰላም ገቡ። ሰባት ቀን በአንድ ክፍል ለብቻቸው ቆዩ፤ በሰባተኛው ቀን ድጋሚ ተመረመሩ፤ ነጻ ነበሩ።

በማግስቱ ተዝካሩ ሆነ። ቀን ላይ እንግዳው ድንኳን ውስጥ ነበር። ሲመሽ የቅርብ ዘመድ፣ አሥራ አምስት የምንሆን፣ ሳሎን ገባን። ቡና ተፈላ፣ ማስኩ ወረደ። አንዲት ትልቅ ሴት "ኧረ ያንን መስኮት ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል" አሉ። ተነስቼ ዘጋሁት። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ከመካከላችን የሳንባ ነቀርሳ ክፍል ዙር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የታካሚውን ካርድ ከማንሳታቸው በፊት ሄደው መስኮቱን የሚከፍቱ መምህር ነበሩን። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ በረደኝ ብሎ ሲዘጋው፣ ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ከፈቱት። እኔ የእሳቸው ተማሪ ነኝ። ግን በገዛ ቤቴ፣ በሐዘን ቀን፣ ለእናት የሚሆኑ ሴት ሲናገሩ "አይሆንም" ማለት አቃተኝ።

በአምስተኛው ቀን አክስቴን አተኮሳቸው። በዚያው ሳምንት ሳሎን ከነበርነው ሌሎች ሦስት ሰዎች ታመሙ፤ አንዳቸውም አውሮፕላን አጠገብ አልደረሱም። አክስቴ ሆስፒታል ገብተው ዘጠኝ ቀን በኦክስጅን ቆዩ። ሊጠይቅ የሚደውለው ዘመድ ሁሉ "አውሮፕላኑ ነው የያዛቸው፣ ምን ነበር ባይመጡ" ይላል። እኔ ቀኑን ቆጥሬ አውቄዋለሁ፤ ዝም አልኩ። አውሮፕላን አፍ የለውም፣ ጥፋቱን ተሸከመልኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን አክስቴ ድነው ተመለሱ። ከወራት በኋላ በስልክ እውነቱን ነገርኳቸው። አውሮፕላኑ እንዳልሆነ፣ ሳሎኑ ሳይሆን እንዳልቀረ፣ መስኮቱንም እኔ እንደዘጋሁት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ዝም ብለው ቆዩና "ታዲያ ያን ጊዜም መምጣት እችል ነበር ማለት ነው?" አሉኝ።

ጓደኞቼ፣ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የለኝም። በነሐሴ 2012 ክትባት አልነበረም፣ ሰውነታቸውም ደካማ ነው። አደጋው ባዶ አልነበረም፤ ቢመጡና አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ሌላ ጸጸት እናገር ነበር። ግን መመዘን የነበረባቸው እሳቸው ናቸው። በአንድ በኩል አደጋውን፣ በሌላ በኩል የወንድማቸውን የመጨረሻ ቀናት። የእኔ ሥራ ሚዛኑ ላይ የሚቀመጠውን በትክክል መንገር ነበር። እኔ ግን ሚዛኑን ራሱን ከእጃቸው ቀማሁ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ነገር ይዤ ወጥቻለሁ፤ ለእናንተም አካፍላለሁ።

አንደኛ፣ "እንዴት?" ተብለን ስንጠየቅ "አይሆንም" ብለን አንመልስ። የሚከለክል ምክንያት ካለ እንናገር፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚሄድበትን መንገድ እናሳይ። ሰው ለሽርሽር ብቻ አይጓዝም፤ ለቀብር፣ ለሕክምና፣ ለልጁ ብሎ ይጓዛል።

ሁለተኛ፣ ጉዞ ከቤት በር እስከ ቤት በር ነው። በአየር ላይ ያለው ሰዓት አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ወደ አየር ማረፊያ የሚወስደው ታክሲ፣ ሸኚው፣ ሰልፉ፣ አውቶቡሱ፣ ተቀባዩ፣ "እንኳን ደህና መጣሽ" ተብሎ የሚፈላው ቡና፣ ሁሉም ጉዞ ነው። ታካሚያችንን ስንመክር እስከ ሳሎኑ ድረስ አብረነው እንሂድ።

ሦስተኛ፣ መስኮቱን እንክፈት። ታክሲ ውስጥ፣ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ። ብርድ ይመታናል የሚሉትን ትልልቅ ሰዎች አናሳፍራቸው፤ ጋቢ እናልብሳቸውና መስኮቱ ክፍት ይሁን። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ጋቢው እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር።

አክስቴ ለዘንድሮ ፋሲካ ይመጣሉ። ቲኬታቸውን ቆርጠዋል፤ "መስኮት አጠገብ ነው ያስያዝኩት፣ እሱ ደግሞ አይከፈትም አሉኝ" ብለው ስቀውብኛል። እኔም የሳሎኑን መስኮት ማጠፊያ አስጠግኛለሁ።

ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ፣ በሰላም ወደየቤታችሁ ያግባችሁ። የከርሞ ሰው ይበለን።