የእህል ውሃ ውለታ
(ሂንዱዎች ሥጋ ስለ መብላት ያላቸው አስተሳሰብ። በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓ.ም. ብዙ የሕንድ መምህራን ወደ አገራችን መጥተው አያቶቻችንን ሒሳብና ሳይንስ አስተምረዋል። ከእነርሱም መካከል ሥጋ የማይቀምሱ ነበሩ። እኛ ግን የዚህን ምክንያት ስንጠየቅ «ላም ስለሚያመልኩ ነው» ብለን ከመሳቅ በቀር ሌላ መልስ አልነበረንም። መጻሕፍት ካገላበጥን ወዲህ ግን በሳቃችን አፍረናል። ስለዚህ ያገኘነውን በአጭሩ ልናካፍላችሁ እንወዳለን።

በመጀመሪያ፥ ሂንዱ ሁሉ ሥጋ አይበላም ማለት ስሕተት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል ባወጣው ጥናት፥ ከሕንድ አገር ሂንዱዎች መካከል ሥጋ የማንበላ ነን ያሉት ከመቶ 44 ናቸው። በቤንጋል ብራህማኖች እንኳ ዓሣ ይበላሉ። የጥንቱ የማኑ ሕግም ለመሥዋዕት የታረደውን ሥጋ መብላት ይፈቅዳል። ነገር ግን ከሥጋ የሚታቀብ ሰው ታላቅ ዋጋ እንደሚያገኝ እዚያው ይናገራል። ጥፋቱንም በአራጁ ላይ ብቻ አያሳርፍም፤ የፈቀደው፥ የሸጠው፥ የገዛው፥ ያበሰለውና የበላውም ሁሉ ተካፋዮች ናቸው ይላል።

በሳንስክሪት ቋንቋ ሥጋ «ማምሳ» ይባላል። የማኑ ሕግ ቃሉን ለሁለት ሰንጥቆ «እኔን፥ እርሱ» ብሎ ይፈታዋል። ምሥጢሩም ዛሬ እዚህ የምበላው እንስሳ በወዲያኛው ዓለም እኔን ይበላኛል ማለት ነው።

ታዲያ ሥጋ የተወ ሰው ከዕዳ ነጻ ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ ማሃባራታ በተባለው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ካውሺካ የሚባል በትምህርቱ የሚመካ ብራህማን ነበር። አንዲት ባለትዳር ሴት «ጽድቅን መማር ብትሻ ሚቲላ ከተማ ወዳለው ሥጋ ሻጭ ሂድ» አለችው። ሄዶም የአጋዘንና የጎሽ ሥጋ ሲሸጥ ቢያገኘው እጅግ ተጸየፈ። ሻጩ ግን በትሕትና አስረዳው። ሥራውን ከአያቶቹ ወርሶታል፤ ራሱ አያርድም፥ ሥጋም አይበላም፤ ሆኖም ንጹሕ ነኝ አይልም። ገበሬ ሲያርስ በአፈር ውስጥ ያሉ ብዙ ነፍሳት ይሞታሉ፤ የሩዝ ዘር ራሱ ሕይወት አለው፤ መንገደኛም ሳያውቅ ስንቱን ይረግጣል። እንግዲህ ምንም ሳይጎዳ የሚኖር ሰው የለም፤ አስተዋይ ግን ጉዳቱን ለማሳነስ ይጥራል አለው። ብራህማኑም ከሥጋ ሻጭ ተምሮ ተመለሰ።

ያለ ዕዳ መኖር የማይቻል ከሆነ፥ የሚቀረው ዕዳን መክፈል ነው። በብሃጋቫድ ጊታ ሦስተኛ ምዕራፍ ክሪሽና ለአርጁና የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ፍጡራን ከምግብ፥ ምግብ ከዝናም፥ ዝናምም ከመሥዋዕት ይገኛሉ፤ ይህም እንደ መንኰራኵር ይዞራል። ከዚህ እየበላ ምንም የማይመልስ ሰው እንደ ሌባ ይቈጠራል። መሥዋዕት ሲባልም ደም ማፍሰስ ብቻ አይደለም። አንድ አባወራ በየቀኑ ቅዱሳት መጻሕፍትን እንዲያነብ፥ ለአማልክት እንዲሠዋ፥ የሞቱ አባቶቹን እንዲያስብ፥ እንግዳ እንዲመግብ፥ ከምግቡም ለአዕዋፍና ለሌሎች ፍጥረታት ቆርሶ እንዲያስቀምጥ ታዟል። ላሚቱንም የሚያከብሩት ከዚሁ የተነሣ ነው፤ እርሷ ወተት ትሰጣለች፥ ልጇ በሬው ያርሳል፥ እበቷ ማገዶና ማዳበሪያ ይሆናል። ያበላችን እናት ስታረጅ አትታረድም ይላሉ።

ወላጆቻችን ሆይ፥ ለዛሬው በዓል የተሰናዳውን ወጥ አትቅመሱ ለማለት አልመጣንም። የእኛም ጾም ከእነርሱ መታቀብ በምክንያቱ የተለየ ነው፤ እኛ ፋሲካ ሲደርስ እንፈስካለን፥ ብዙዎቹ እነርሱ ግን ዕድሜ ልካቸውን ይታቀባሉ። ነገር ግን የሥጋ ሻጩ ጥያቄ ሥጋ በሉንም ሽሮ በሉንም ሁላችንን ያገኘናል፤ ከምድር ለወሰድነው ምን መለስን?

በልተን ስንነሣ «ተመስገን» እንላለን። ምስጋና የዕዳው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሥራ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በትምህርት ቤታችን የሚቀረው የምግብ ትርፍራፊ ከሚጣል ይልቅ በጉድጓድ ተጠራቅሞ ፍግ ይሁንና ለግቢያችን ችግኞች ይዋል ብለን ጓደኞቻችንን እንለምናለን። አካፋውን መጀመሪያ የምናነሣውም እኛው የተናገርነው እንሆናለን።