ለምጣዱ የራሱ መስመር



ዛሬ የምናገረው ስለ ግድብ ወይም ስለ ከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ሳይሆን ስለ አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ነው። የቤት ፕላን ስንነድፍ ለሳሎኑ መብራት ብዙ እንጨነቃለን፤ ለማድ ቤቱ ግን አንድ ሶኬት ሰጥተን እናልፋለን። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የበለጠ ኃይል የሚስበው የእንጀራ ምጣድ የሚቀመጠው እዚያው ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። በዚያው መስመር 2,000 ዋት የሆነ የውሃ ማፍያ ቢጨመር ድምሩ 25 አምፔር ይደርሳል። በሽቦ ውስጥ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ይህ ጭማሪ ብቻ ሙቀቱን ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ያደርሰዋል። እንጀራ መጋገር ደግሞ የደቂቃ ሥራ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ባለቤቱም የመዳብ ክር ጠምጥሞ ይመልሰዋል። ፊውዝ የሚገባው ግን ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። ጠባቂው ከታሰረ የሚነደው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ፣ ቀጥሎም ቤቱ ነው።

ስለዚህ ለምጣዱ ከማከፋፈያው ሳጥን በቀጥታ የሚነሣ፣ 4 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦና የ20 አምፔር ብሬከር ያለው የራሱ መስመር ይዘርጋለት። ለሌሎቹ የማድ ቤት ዕቃዎች ሌላ መስመር ይሰጣቸው። የመሬት ሽቦውም አይዘንጋ፤ ጋጋሪዋ የምትሠራው በእርጥብ እጅ ነውና።

ይህን በፕላኑ ላይ ማስፈር የእኛ ፈንታ ነው። ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ዕዳው የጋጋሪዋ ይሆናል።