ወና ቤትና የመፀው ንባብ
(በማኅበራችን የንባብ ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ልንናገር የተነሣነው ስለ ወና ቤት ነው። ርእሱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያዩ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፈተና ደርሶ ሳለ ስለ ሰይጣን ታወራላችሁን?» ብለው ሥቀውብናል። ይሣቁ፤ ነገር ግን ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር ተወልዶ፣ በመሸ ጊዜ በወና ቤት አጠገብ ብቻውን ሲያልፍ እርምጃውን ያላፈጠነ ካለ እጁን ያንሣ።

እንግሊዞችና አሜሪካኖች ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ወጣቶቻቸው የሚያነቡት አስፈሪ የልብ ወለድ ዓይነት አላቸው። ሆራስ ዋልፖል የኦትራንቶን ግንብ ታሪክ ያወጣው በ1764 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ነገሩ ግን ከዚያም ይርቃል። ሮማዊው ታናሹ ፕሊኒ በደብዳቤው እንደተረከው፣ በአቴና ሰንሰለት የሚያንቋቋ ሽማግሌ የሚታይበት ቤት ነበረ። ዋጋው ስለ ረከሰ ፈላስፋው አቴኖዶሮስ ያዘው፤ ሌሊት ጥላው ሲጠቅሰው መብራቱን አንሥቶ ተከተለው፤ በተሰወረበት ስፍራ ቢቈፈር በሰንሰለት የታሠረ አፅም ተገኘ። አፅሙ በወግ ከተቀበረ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ለአንዲት የጎጃም ባልቴት ብትነግሯት አትደነቅም፤ «ታዲያ ፍትሐት ያልተደረገለት ምን ይሁን?» ትላችኋለች።

አሜሪካዊቷ ሺርሊ ጃክሰን በ1959 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሂል ሐውስ ባሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ፣ ፍርሃቱ ከቤቱ ይሁን ከባለታሪኳ ከኤሊኖር ልብ አንባቢው እስከ መጨረሻው አይለየውም። ለእኛ ይህ መንገድ ይበልጥብናል።

ከእኛ አገር ያየን እንደሆነ፣ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህ አገር ማንኩሳ ነው፤ እዚሁ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል። በዚያ መጽሐፍ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ጋኔን የለበትም፤ ሰው ሞልቶበታል። ሆኖም ሰብለ ወንጌል በዘር ኩራት ተዘግቶባት የምትኖርበት ያ ቤት ከወና ቤት ይልቅ ያስፈራናል።

ለወጣቶች የሚሆን ሌላ ማገዶም ሞልቷል። በየካቲት ወር መጨረሻ 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ ሸሸ፤ እንዲህ ባለ በተለቀቀ ምሽግ ውስጥ የጠፋች ጥጃ የሚፈልግ እረኛ ማታ ቢገባ፣ ታሪኩ በራሱ ይሄዳል። ጨሌንም አስቡ። አያት ሲሞቱ ጨሌው በሙዳይ ውስጥ ይቀራል። የሚረከበው ይጠፋል። ለዕረፍት ከትምህርት ቤት የመጣችው የልጅ ልጅ «ወንዝ ልጣለው» ትላለች፤ ከሰንበቴ የማትቀረው እናት ግን ሙዳዩን ትሸሽግባታለች። በዚያ ሌሊት ምሰሶው ቢንቋቋ፣ ምስጥ ይሁን ሌላ፣ ደራሲው ባይነግረን ደስ ይለናል።

«ይህ ባዕድ አምልኮን ያጠነክራል» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ክርክራቸውን አንንቅም፤ ምክንያቱም በየመንደራችን ልጆች «አትጠጉ» የሚባሉበት ቤት ብዙ ጊዜ ወና አይደለም። እሳት ይነድበታል፤ ወናፍ ይነፋበታል፤ ማረሻችን የሚሳለው እዚያ ነው። የአንጥረኛው ቤት ነው፤ ወይም የሸክላ ሠሪዋ። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ ግን «ቡዳ» የሚለውን ቃል በልጅነታችን ከተረት ጋር አብረን ጠጣነው። አንጥረኛውን ጅብ አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ በአንድ የክፍል ጓደኛችን ላይ ድንጋይ ይወረውራል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ነው። አንባቢው ሌሊቱን በዚያ ቤት ውስጥ፣ ከአንጥረኛው ልጅ አጠገብ ይደር። ውጭ ሰዎች ይንሾካሾኩ፤ የታመመ ልጅ ስም ይጠራ፤ በክዳኑ ላይ ድንጋይ ይውደቅ፤ ከዚያም አንድ ሰው በሩን ያንኳኳ። ድምፁም የሚያውቁት የጎረቤት ድምፅ ይሁን።

ከእናንተ መካከል ይህን የሚሞክር ካለ ጽሑፉን እስከ ኅዳር መጨረሻ ለአዘጋጆቻችን ያስረክብ። ከሠላሳ ገጽ ባይበልጥ ደግ ነው፤ የማባዣው ቀለም ውድ ነውና።