ማሽን ይመልሳል፤ ተጠያቂው ግን ማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



«አገር በችግር ላይ ሳለች የፍልስፍና ወሬ ምን ይረባናል?» የሚል ጥያቄ በማኅበራችን ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ የዛሬውን ንግግራችንን ፍልስፍናን በማሞገስ አንጀምረውም፤ ፍልስፍና የሚሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተስፋፋበት በዚህ ዘመን፣ ምን እያደረጉ እንደ ሆነ በመመርመር እንጀምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የመንግሥት ተቋም በ2025 መጀመሪያ ላይ 23 ቅርንጫፎችና ከ460 ሺህ በላይ ተማሪዎች ነበሩት። ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ከየቤተ ሰባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የዩኒቨርሲቲን ደጅ የረገጡ ናቸው። ከቅርንጫፎቹ አንዱ የሆነው ሶኖማ ስቴት፣ በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 22 ቀን፣ ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የበጀት ጉድለት ስለ ገጠመው፣ ፍልስፍናን፣ ኢኮኖሚክስንና ጂኦሎጂን ጨምሮ ስድስት የትምህርት ክፍሎችን እንደሚዘጋ ገለጠ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን፣ ዋናው ተቋም ደግሞ ቻት ጂፒቲ የተባለውን የኦፕን ኤአይ ኩባንያ ማሽን ለተማሪዎቹና ለሠራተኞቹ ሁሉ ሊያድል መሆኑን በደስታ አበሠረ።

ሁለቱ ውሳኔዎች በልዩ ልዩ ጽሕፈት ቤቶች የተወሰኑ ናቸው፤ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ማለታችን አይደለም። ይሁን እንጂ ጎን ለጎን ሲታዩ የዘመኑን ፍርድ ያሳያሉ። ተማሪው መልስ የሚያገኝበት ዕቃ በጅምላ ይገዛለታል፤ መጠየቅን የሚማርበት ክፍል ግን ይታጠፋል። የሶኖማ ተማሪዎችና መምህራን ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ በአደባባይ ተቃወሙ፣ አቤቱታቸውንም ወደ ስቴቱ ምክር ቤት አደረሱ። በዚያው ዓመት አጋማሽ የስቴቱ በጀት ለአንድ ጊዜ የሚሆን 45 ሚሊዮን ዶላር መደበላቸው። የተማሪ ድምፅ ከንቱ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ፍልስፍናው እንለፍ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1950 «ማይንድ» በተባለው የፍልስፍና መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ ማሽን ማሰብ ይችላልን? የሚለውን ጥያቄ አንሥቶ በጨዋታ መልክ ለወጠው፤ ይኸውም ጠያቂው ፊታቸውን ሳያይ በጽሑፍ ብቻ ሲጠይቃቸው፣ ማሽኑን ከሰው መለየት ቢሳነውስ? የሚል ነው። በ1980 አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል በበኩሉ ሌላ ምሳሌ አቀረበ። ቻይንኛ የማያውቅ ሰው በአንድ ክፍል ተዘግቶበት፣ በቻይንኛ የተጻፈ ጥያቄ ሲገባለት፣ የደንብ መጽሐፍ እያየ፣ ምልክትን ከምልክት እያዛመደ ትክክለኛ መልስ ይመልሳል፤ ነገር ግን ከጠየቁትም እርሱ ከመለሰውም አንዲት ቃል አልገባውም፤ ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው አለ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ እኛም በዚህ ጉባኤ አንቋጨውም።

እኛ የምንለው፣ ለዩኒቨርሲቲና ለሕዝብ ኑሮ ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ ነው። ይህንንም ቋንቋችን ራሱ ይጠቁመናል። በአማርኛ ለአንድ ሥራ ኃላፊ የሆነውን ሰው «ተጠያቂ» እንለዋለን። ተጠያቂ ማለት የሚጠየቅ ማለት ነው፤ ለተናገረው ቃል «ለምን?» ሲባል ቆሞ ምክንያቱን የሚሰጥ፣ ስሕተቱ ሲገለጥ የሚያፍርና የሚያርም፣ ጥፋቱ ሰው ሲጎዳ የሚክስ ማለት ነው። ማሽኑ «ለምን?» ቢባል ሌላ መልስ ይደረድራል፤ ነገር ግን ቃሉ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚያጣው ክብር፣ የሚከፍለው ካሣ የለውም። እንግዲህ ማሽኑ መላሽ ሊሆን ይችላል፤ ተጠያቂ ግን ሊሆን አይችልም። ፍልስፍና ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የተጠያቂዎች ትምህርት ነው። ሶቅራጥስ በአቴና አደባባይ የገጠማቸው ሰዎች መልስ ያጡ አልነበሩም፤ መልስ ሞልቷቸው ሳለ ለመልሳቸው ምክንያት መስጠት ያቃታቸው ነበሩ።

ይህ ነገር ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ፣ ይነግራል። መምህሩ ሰሙን ከወርቁ እየለየ ይመረምረዋል፤ ግድፈቱን ያርመዋል፤ ሌላ የተቀኘውን ይዞ ቢመጣ ግን ቅኔ ነገረ አይባልም። «በሰው ወርቅ አይደምቁም» የሚለው ተረት በዚያ ቤት እንደ ሕግ የሚሠራ ነው። ይህን ስንል የቅኔ ቤትን ያለ ነቀፌታ ማወደሳችን አይደለም። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ካሉ ጥቂቶች በስተቀር ሴቶች የተገለሉበት፣ ተማሪው ኮቾሮ ለምኖ የሚያድርበት ቤት ነበር። የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃሉን ያመጣው ሰው ከቃሉ ጋር አብሮ ይቀርባል።

ዛሬ በምንማርባቸው ዩኒቨርሲቲዎች የምናየው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ተማሪው ጽሑፉን በማሽን ያስጽፋል፤ የወረቀት ክምር የሚጠብቀው መምህርም በሌላ ማሽን ያስመረምረዋል። ሁለቱ ማሽኖች ሲነጋገሩ ሁለቱ ሰዎች ሳይገናኙ ሴሚስተሩ ያልቃል። የዚህም ዕዳ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በእኛ በውጭ አገር ተማሪዎች ላይ ነው። በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት መመርመሪያዎችን ወስደው፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና በገዛ እጃቸው የጻፏቸውን 91 ጽሑፎች አስመረመሩ። መመርመሪያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን «ማሽን የጻፋቸው ናቸው» ብለው ፈረዱ። ምክንያቱም ቀላልና የተለመደ አነጋገርን የማሽን ምልክት አድርገው ስለሚወስዱ ነው፤ በተማረው ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ደግሞ የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላት ደጋግሞ መጠቀሙ ግድ ነው። ኦፕን ኤአይም ራሱ የሠራውን መመርመሪያ፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለ ሆነ፣ በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ከአገልግሎት አወጣው።

እንዲህ ባለ ፍርድ የአገሬው ተማሪ ቢከሰስ ማርኩን ያጣል፤ የእኛ ወገን ተከሶ ከትምህርት ቢታገድ ግን በተማሪነት ያገኘው የመኖሪያ ፈቃድ አብሮ ይናጋል። የላከው ቤተ ሰብ፣ የጠበቀው መንደር፣ የዓመታት ድካም ሁሉ በአንድ የመቶኛ ቁጥር ላይ ይንጠለጠላል። ቁጥሩ እንዴት ተገኘ? ብሎ ቢጠይቅ፣ ቆሞ የሚያስረዳው ሰው አያገኝም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ማሽኑ እኮ ለእኛ ለባዕድ ተማሪዎች ባለ ውለታ ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። በሁለተኛና በሦስተኛ ቋንቋ የሚጽፍ፣ የሚያማክረው ዘመድ የሌለው ተማሪ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የካንትን አንድ አንቀጽ የሚያብራራለት፣ ሰዋስዉን የሚያቃናለት ነገር ቢያገኝ አይነቀፍም። የሀብታም ልጅ በገንዘብ የሚቀጥረውን አስጠኚ ድኻው በዚህ መንገድ ቢያገኝ እሰየው ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑን ጠይቀን መልሱን ራሳችን ብንመረምረው ተጠያቂነታችን በእጃችን ይቀራል፤ መልሱን እንዳለ ተቀብለን ስማችንን ብንጽፍበት ግን በማናውቀው ዕዳ ላይ ፈርመናል።

ደግሞም ሳያላምጡ መዋጥ ከማሽን ጋር የመጣ በሽታ አይደለም። ከእኛ በፊት በነበረው ትውልድ የተማሪ እንቅስቃሴ፣ በ1965 በአዲስ አበባ አደባባይ እንደ ተሰማው እንደ «መሬት ላራሹ» ያለ፣ ከሕዝቡ ኑሮ የመነጨ ጥያቄ ነበር፤ ከባዕድ መጽሐፍ ተገልብጦ፣ ሳይመረመር የተስተጋባ መፈክርም ነበር። ሳይመረመር ለተያዘው መፈክር አገራችን በልጆቿ ደም ከፍላለች።

ስለ ተጠያቂነት ሲነሣ የማሽኑ ባለቤቶችም ሊነሡ ይገባል። «ታይም» መጽሔት በጃንዋሪ 2023 እንዳወጣው፣ ቻት ጂፒቲ ነውረኛ ቃል እንዳያወጣ ለማድረግ፣ የግፍና የጭካኔ ጽሑፎችን እያነበቡ የመለየቱን ሥራ ከሠሩት መካከል በሰዓት ከ2 ዶላር በታች የሚከፈላቸው የኬንያ ሠራተኞች ነበሩ። ንጹሕ አእምሮ መስሎ የሚታየው ነገር በጎረቤቶቻችን ትካዜ የተገዛ ነው። ይህን የማይጠይቅ ፍልስፍና የቢሮ ጌጥ ከመሆን አያልፍም።

ወደ መነሻችን እንመለስ። አገር በችግር ላይ ሳለች ፍልስፍና ምን ይረባናል? ኢትዮጵያ በ2020 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማእከል አቋቁማለች፤ ከመካከላችንም ተመልሰው በዚህ ሙያ የሚሰለፉ ይኖራሉ። ማሽኑ ወደ ባንኩ፣ ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝለቁ አይቀርም። ሕዝባችን ደግሞ «ትእዛዙ ከበላይ የመጣ ነው» የሚለውን መልስ ለዘመናት ሲሰማ የኖረ ሕዝብ ነው። ባላገሩ ግብር ሲጨመርበት፣ መሬቱ ሲነጠቅ፣ «ለምን?» ቢል፣ ጭቃ ሹሙ በምስለኔው፣ ምስለኔው በገዥው ያመካኝ ነበር፤ በመጨረሻም ተጠያቂ ሳይገኝ ይቀር ነበር። ነገ ብድር የተከለከለች እናት «ለምን?» ስትል፣ «ማሽኑ እንዲህ አለ» ተብላ እንድትመለስ እንፈቅዳለንን? ያን ጊዜ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጠው ሹም ከመካከላችን አንዱ ሊሆን ይችላል። ምክንያት መስጠትን ዛሬ በክፍል ውስጥ ያልተለማመደ ተማሪ፣ ነገ ለዚያች እናት ምክንያት ሊሰጣት አይችልም። ፍልስፍና የሚረባን ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በየከተማው ያሉት የጥናት ክበቦቻችን፣ እያንዳንዱ አባል ያነበበውን ያለ ወረቀት የሚያስረዳበትና ጓደኞቹ የሚጠይቁበት ጊዜ እንዲመድቡ። ያልገባውን «አልገባኝም» ያለ እንዳይሣቅበት።

ሁለተኛ፣ በየምንማርበት ዩኒቨርሲቲ ከሌሎች አገሮች ተማሪዎች ጋር ሆነን፣ ማንም ተማሪ በመመርመሪያ ማሽን ቃል ብቻ እንዳይቀጣ፣ የተጠረጠረም በቃል ቀርቦ ሥራውን እንዲያስረዳ፣ በዚያም ጊዜ የአነጋገር ቅላጼው እንደ ድንቁርና እንዳይቈጠርበት እንድንጠይቅ። የማሽን ግዢና የትምህርት ክፍል መዝጋት ሲወሰንም ተማሪዎች ድምፅ እንዲኖራቸው።

ሦስተኛ፣ መጽሔታችን በየእትሙ አንድ የፍልስፍና ጽሑፍ በአማርኛ እንዲያወጣ፤ ጸሐፊውም ከአንባቢዎች ለሚቀርብለት ጥያቄ በሚቀጥለው እትም መልስ እንዲሰጥ። በእንግሊዝኛ ብቻ የምናስበው ሐሳብ ነገ በሕዝባችን ፊት ሊጠየቅ አይችልምና።

በዚህ ንግግር የተባለውም ቢሆን ከመጠየቅ ነጻ አይደለም። እነሆ በፊታችሁ ቆመናል፤ ጠይቁን።