ንብ፣ ነፋስና የባቄላ አበባ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

 

ይህ ጽሑፍ ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዳችን ግቢ ለተሰበሰባችሁ ያደረግሁት ንግግር ነው። የኮሚቴው ወንድሞች «በመጽሔታችን ይግባ» ባሉኝ ጊዜ አመንትቼ ነበር። ኢማም ስለ ሶላትና ስለ ዘካ ይጻፍ እንጂ ስለ ንብና ስለ ዝንብ ምን አገባው የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁና። ነገር ግን ወሬው የሚጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው፤ በጥፋቱም ውስጥ የጎረቤት ሐቅ አለበት። ስለዚህ ዝም ማለቱን አልወደድሁም።

እንደምታውቁት በጎጃም የኖሩ ሙስሊም አባቶቻችን ብዙዎቹ ሸማኔና ነጋዴ ነበሩ። ርስት ስላልነበራቸው እርሻን ከዳር ሆነው ነው ያዩት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ግን ለአንዳንዶቹ መሬት ደረሳቸው። አባቴም ከመወርወሪያው ጎን ሞፈር መጨበጥ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ በመድረሳው ኪታብ እየቀራሁ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤትም እስከ ሁለተኛ ደረጃ እየተመላለስሁ አድጌ መሬቱን ከእርሳቸው ወረስሁ። የእርሻውን ዕውቀት ግን በሙሉ አልወረስሁም፤ እርሳቸውም ገና በመማር ላይ ነበሩና።

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በመስከረም አጋማሽ ባቄላዬ አበባውን አፍክቶ ሳለ ክሽክሽ ወረረው። እኔም ከገበያ የተባይ መድኃኒት ገዛሁ፤ መርጫውን ከሰው ተዋስሁ፤ ጤዛው ረግፎ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ረጨሁት። የሸጠልኝ ሰው ስለ ሰዓቱም ስለ አበባውም ምንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ጠዋት ንብ አናቢው ክርስቲያን ጎረቤቴ ከቤቴ መጡ። በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። ሰፌድ ይዘዋል፤ በሰፌዱ ላይ ነጠላ ጣል አድርገውበታል። ነጠላውን ሲገልጡት ሰፌዱ በንብ ተሞልቷል። አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ጥቂቶቹ በጀርባቸው ተኝተው ይሽከረከራሉ፤ በእግራቸው ያንከባለሉት የአበባ ዱቄት እንኳ ገና አልረገፈም።

«ሼህ፣ እነዚህ ትናንት ከእርስዎ ባቄላ ውለው የገቡ ናቸው» አሉኝ።

«አያ፣ አላወቅሁም፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«ባያውቁ አይደል እኔስ የመጣሁት» አሉ። ቆየት ብለውም «ለባቄላዎም ያስቡበት። ንቦቹ እኔን ብቻ አልነበረም የሚያገለግሉት» ብለውኝ ሄዱ።

ከአምስቱ ቀፎአቸው ሦስቱ ባዶ ቀሩ።

ውድ አንባቢያን፣ የኋለኛዋ ቃላቸው ወደ ድሮው የትምህርት ቤት ደብተሬ መለሰችኝ። መምህራችን «ርክበ ብናኝ» ብለው ያስተማሩን ነገር ነበር፤ ለፈተና ሸምድጄው ረስቼዋለሁ። እስኪ አንድ የባቄላ አበባ ቀንጥሳችሁ ተመልከቱ። ጥቁር ነጥብ ያለባቸውን ሁለቱን ክንፎች ወደ ታች ጫን ብታደርጓቸው፣ ከታች እንደ ጀልባ ከታጠፈው ቅጠል ውስጥ ቀጭን ዘንግ ብቅ ይላል፤ ዙሪያውን ደግሞ ዱቄት የተቀቡ ክሮች አሉ። ዘንጉ ሴቴው ነው፤ ክሮቹ ወንዴዎቹ ናቸው። ንቧ ጣፋጩን ፈሳሽ ፍለጋ ስታርፍበት በክብደቷ ክንፎቹን ትጫናለች፤ ዘንጉና ዱቄቱ ወጥተው ሆዷን ይነካሉ። ወደሚቀጥለው አበባ ስትሄድ ከዚህኛው የያዘችውን ለዚያኛው ታደርሳለች። ንቧ ግን ቀለቧን ፍለጋ እንጂ ባቄላውን ልርዳ ብላ የወጣች አይደለችም።

በሴቴው ጫፍ ላይ ያረፈችው የዱቄት ቅንጣት እንደ ዘር ትበቅላለች። ለዓይን የማይታይ ቀጭን ቱቦ አውጥታ በዘንጉ ውስጥ ወደ ታች ትወርድና በሥሩ ካለው እንቁላል ጋር ትገናኛለች። ከዚያ አንድ ፍሬ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ እሸት ውስጥ ሦስት የባቄላ ፍሬ ካገኛችሁ፣ ቢያንስ ሦስት ቅንጣት ዱቄት መንገዱን ጨርሷል ማለት ነው። ባቄላ በከፊል በራሱ ዱቄት ፍሬ መያዝ ይችላል፤ ንብ ስትጎበኘው ግን የሚይዘው ፍሬ ይበልጣል። በዚያ ዓመት ባቄላዬ ብዙ አበባ አራገፈ። ዝናቡም ያኔ ያልተስተካከለ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በንቦቹ ሞት ላይ ልጥለው አልችልም። ይሁን እንጂ ክሽክሹን ገድዬ ባቄላውን አላተረፍሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም እፈልጋለሁ። «ንብ ከጠፋ የሰው ልጅ በጥቂት ዓመት ያልቃል» የሚል ወሬ ይነገራል። ይህ ልክ አይደለም። የእኛው የደጋ ዳሞት ገብስና ስንዴ፣ ጤፉም ጭምር፣ በየራሱ አበባ ውስጥ ጉዳዩን የሚጨርስ እህል ነው። ድንች የምንበላው ከአፈር ውስጥ ያለውን እንጂ ፍሬውን አይደለም። በቆሎን የሚያገናኘው ነፋስ ነው፤ ከአናቱ ያለው ወንዴው ነው፤ ከእሸቱ ጫፍ የሚወጣው ጸጉር ሴቴው ነው። እያንዳንዱ ጸጉር ለአንዲት የበቆሎ ፍሬ የተሰጠ ነው። በቆሎ ስትፈለፍሉ አልፎ አልፎ ጥርሱ የጎደለ ካጋጠማችሁ፣ የዚያች ፍሬ ጸጉር ዱቄት ሳይደርሳት ቀርታለች ማለት ነው። በሱረቱል ሒጅር አላህ (ሱ.ወ.) ነፋሶችን አዳቃይ አድርጎ እንደላከ ተነግሯል። ከሙፈሲሮች አንዳንዶቹ ይህን ስለ ደመና፣ ሌሎቹ ስለ ዛፍም ጭምር ነው ብለው ተርጉመውታል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ላይ ከሚመረቱ 115 ዋና ዋና የምግብ ሰብሎች 87ቱ በነፍሳትና በሌሎች እንስሳት ርክበ ብናኝ በመጠኑም ቢሆን እንደሚጠቀሙ ገልጿል። በምርት ብዛት ሲታይ ግን የእነዚህ ድርሻ 35 ከመቶ ያህል ነው፤ ጆንያውን የሚሞሉት እነስንዴ፣ ሩዝና በቆሎ ናቸውና። እንግዲህ ንብ ቢጠፋ እንጀራው ይኖራል። የሚጎድለው ከእንጀራው ላይ የሚወጣው ነው፤ ዘይቱ፣ ጥራጥሬው፣ ፍራፍሬው።

ዘይት ካልሁ አይቀር ስለ ኑግ ልንገራችሁ። ከፈረስ ቤት ወደ ጅጋና ወደ ፍኖተ ሰላም ስትወርዱ ከመስከረም ወዲያ ያለውን ቢጫ ማሳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኑግ የአገራችን የራሷ ሰብል ነው። ጠባዩ ግን ከባቄላ ይለያል፤ የራሱን ዱቄት አይቀበልም። ከሌላ የኑግ ተክል የመጣ ካልሆነ በቀር ከራሱ ግንድ የወጣውን ይመልሰዋል። ለመድረሳ ልጆቼ «ኑግ መሕረሙን አያገባም» ብዬ ስነግራቸው ሳቁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልረሱትም። ታዲያ ዱቄቱን ከግንድ ወደ ግንድ የምታደርሰው በዋናነት ንብ ናት። ንብ ያልጎበኘው ኑግ አበባው ቢያምርም ዘሩ ብዙው ገለባ ነው። ንብ አናቢውም ኑግን ይወዳል፤ ከአደይ አበባና ከመች ጋር ሆኖ የኅዳርን ማር የሚሞላለት እርሱ ነውና።

ሥራው የማር ንብ ብቻ አይደለም። በቆላው የማንጎን አበባ አብዝቶ የሚጎበኘው የምንጸየፈው ዝንብ ነው። የቡሬ በርበሬ ራሱን መቻል ቢያውቅበትም ነፍሳት ሲጎበኙት ይጠቀማል። ቲማቲም ደግሞ መንቀጥቀጥ ይፈልጋል፤ እንጨት እየበሳ የሚኖረው ትልቁ ጥቁር ንብ አበባውን ይዞ ሲያንዘረዝረው ዱቄቱ ይረግፋል። ለመድኃኒት የምንፈልገውን ማር በመሬት ውስጥ የምትሠራው ጣዝማም ከአበባ አበባ ትዞራለች።

ይህን ምሥጢር ሰዎች ያወቁት ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1793 ሽፕሬንገል የሚባል ጀርመናዊ የትምህርት ቤት ሹም አበቦችን ሜዳ ላይ ተቀምጦ ለዓመታት ሲመለከት ቆይቶ፣ ቀለማቸውና ጣፋጫቸው ነፍሳትን ለመጥራት መሆኑን በመጽሐፍ አወጣ። በሕይወት ሳለ ብዙ ሰሚ አላገኘም። ከእርሱ በጣም ዘግይቶ ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ሊቅ ንብ ከቀፎዋ ገብታ በምታደርገው ጭፈራ የአበባውን አቅጣጫና ርቀት ለጓደኞቿ እንደምትነግር አሳየና እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በሱረቱን ነሕል ንቧ ጌታዋ ያገራላትን መንገዶች እንድትከተል መታዘዟን ስናነብ ይህን ማስታወስ ደስ ይላል። በዐረብኛው ንቧ የታዘዘችው በሴት አንቀጽ መሆኑን አንስተው፣ ሠራተኞቹ ንቦች ሴቶች ስለሆኑ ይህ ተአምር ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ እኛ «አውራ» የምንላትም እናታቸው ናት። ግን ነሕል የሚለው ቃል በዐረብኛ በወንድም በሴትም ሊነገር ስለሚችል እኔ በዚህ ላይ ብዙ አልጨምርም። ቁርኣን የእኛ ማጋነን አያስፈልገውም።

የተምርን ታሪክ ግን ሳላነሳ አላልፍም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎች የወንዴውን ተምር አበባ ወስደው በሴቴው ላይ ሲያደርጉ አዩ። ይጠቅማል ብዬ አላስብም የሚል አሳብ ሰጡ፤ ሰዎቹም ተዉት፤ በዚያ ዓመት ተምሩ ተበላሸ። ሲነገራቸው ያ የራሳቸው ግምት እንደነበረና ስለ ዱንያ ጉዳያቸው ሰዎቹ ይበልጥ እንደሚያውቁ ገለጹ። ታሪኩ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። ስለ እርሻ የሚያውቀውን መጠየቅ ለኢማም ነውር እንዳልሆነ የገባኝ ከዚህ ነው። ንብን መግደል የተከለከለበትን ሐዲስም አቡ ዳውድ ዘግበውታል፤ ጉንዳን፣ የሁድሁድ ወፍና ሱረድ የተባለችው ወፍም አብረው ተጠቅሰዋል።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በፊቅህ እንደምናውቀው ባለማወቅ የሠራ ሰው ኃጢአቱ ይነሳለት ይሆናል፤ የሰው ንብረት ካጠፋ ግን ካሣው፣ ዶማን የምንለው፣ አይነሳለትም። ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ተቀመጡ። የሦስቱንም ቀፎ ልከፍል ተነሳሁ። ጎረቤቴ ግን «አንድ ንብ የያዘ ቀፎ ይግዙልኝ፤ ሁለቱን ንቡ ራሱ ሲሰደድ ይተካልኛል» አሉ። ከደምበጫ በኩል ገዝቼ በሌሊት አስመጣሁላቸው። ከዚያ በላይ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ከመርጨቴ በፊት በዋዜማው እንድነግራቸው።

መድኃኒት አትርጩ አልልም፤ ክሽክሽ የበላውን ባቄላ ልጆቻችን አይበሉትም። ነገር ግን አበባ ላይ ያለን ማሳ አትርጩ። የግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ ከመግሪብ ወዲህ ይሁን፤ በማግስቱ ጠዋት አገኘዋለሁ ብላችሁ ደግሞ ረፋድ አትጠብቁ። ነፋስ ባለበት ሰዓት አትርጩ። ንብ ለቀለብ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለምትሄድ «በአጠገቤ ቀፎ የለም» ማለት አይበቃም። የአረም መድኃኒቱ ቱ ፎር ዲም ጤፍና ስንዴውን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ሁሉ ያደርቃል፤ መቹን ያደርቃል፤ ነፋስ ወደ ጎረቤት ኑግ ከወሰደው ኑጉንም ይጎዳል። መርጫችሁን ከምንጭ አጠገብ አትጠቡ፤ ንብም ከዚያው ነው የምትጠጣው። የሚረጭ ሰው ካለ ከጁሙዓ በኋላ በበር ላይ ለሚቀመጡት የኮሚቴ ወንድም ይንገር፤ እርሳቸው ለንብ አናቢዎቹ ያደርሳሉ።

ባለፈው ክረምት ከውዱእ ቦታው ጀርባ ባለው ዱባ ላይ ከመድረሳ ልጆች ጋር አንድ ነገር ሞከርን። ዱባ ወንዴውና ሴቴው አበባ ለየብቻ ነው። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የምትመስል እብጠት አላት፤ ወንዴው የለውም። እናቶች «ከንቱ አበባ» እያሉ የሚቀጥፉት ወንዴውን ነው። ሊፈኩ አንድ ሌሊት የቀራቸውን አምስት ሴቴ አበቦች በስስ ጨርቅ ሸፈንን፤ ሌሎች አምስቱን ክፍት ተውናቸው። የዱባ አበባ ንጋት ላይ ፈክቶ እኩለ ቀን ሳይሆን ስለሚከደን ልጆቹ ከሱብሒ በኋላ ቆመው ጠበቁ። ክፍት ከነበሩት አራቱ ፍሬ ያዙ። ከተሸፈኑት አራቱ በሳምንት ውስጥ ቢጫ ሆነው ረገፉ። አምስተኛዋን አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጨርቁን ገልጦ፣ ወንዴውን አበባ ቀጥፎ ሲያበቃ በእጁ ቀብቷት ነበርና እርሷም ያዘች። ዱቄቱን ያስነካት በአንድ ጎን ብቻ ስለነበር ይመስለኛል፣ ዱባዋ ወደ አንድ ወገን ተጣማ አደገች። ለደረሳዎች ተቀቅላ ተበላች። ዘሯን ግን አስቀምጠነዋል፤ የሚፈልግ ከእኔ ይውሰድ።